ሌባ ጣት

ሊካሲ ከተማ፣ ከሐዲዱ ማዶ፣
ይኖራል እጄ ከሳንቃ ተላምዶ፤
ለሟች ሣጥን፣ ለሙሽራ አልጋ፣
ሁሉን እሠራለሁ በአንድ ዓይነት ዋጋ።

አንድ ማለዳ ካፑያ፣ እጁን በሻሽ አስሮ፣
ደጄ ላይ ተገኘ ፊቱን አኮሳትሮ።
የመዳቡ ጉድጓድ ሦስት ጣት ውጦበት፣
በቀኝ እጁ የቀሩት፦
አውራ ጣት፣
ሌባ ጣት።

«ጊታር ሥራልኝ» አለ።
«በምን ልትመታው?»
«በቀረኝ።»

እሱ ገንዘብ የለው፣ እኔም እንጨት አጣሁ፤
ካንዲት አሮጊት ሣጥን ከተረፈ ቁራጭ
ሆዱን ጠረብኩለት፣ አንገቱን አወጣሁ።
ክሩ ከብስክሌት ፍሬን የተፈታ ሽቦ፣
ስድስት ጊዜ ተወጥሮ፣ ስድስት ጊዜ ተስቦ፣
ጎማ ማቆሙ ቀርቶ፣ መንገደኛ ሊያቆም ታስቦ።

ከማማ ኦዲል መጠጥ ቤት፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ፣
ቅዳሜ ሲመሽ፣ ቆፋሪው ደመወዙን ጨብጦ፣
አውራ ጣት ይራመዳል እንደ ጭነት ባቡር፣
ዱብ፣ ዱብ፣ ሳይቸኩል፣ በወፍራሙ ክር፤
ሌባ ጣት ግን አያርፍም፤ ስሙ አመል ሆኖበት
በቀጭኑ ሽቦ ይገባል ይወጣል ከሰው ቤት።

ከእናቱ መንደር ለቅሶ፣ ከሚሲዮኑ ደወል፣
ከሬዲዮ ከሾለከ የኩባ ጭፈራ
ትንሽ ትንሽ ቆንጥሮ፣ የራሱን ዜማ ሠራ።

ታዲያ ሌባን ሌባ ቢሰርቀው ምን ይደንቀው?

ፍሬን ያዡ ሲምዊንጋ በባቡር ድንበር ተሻግሮ
ንዶላ ወሰደው፤ ሠርግ ተደገሰበት።
የመዘምራኑ ልጅ ሌዎናር ቃሉን ለወጠና
የፋሲካ መዝሙር አደረገው።
(ካፑያን በስካሩ ከደጀ ሰላም ያባረሩት ቄስ
ዓይናቸውን ጨፍነው አብረው ዘመሩ።
አልነገርናቸውም።)

የኦዲል ልጅ ክሪስፒን ከኪንሻሳ ስትመጣ፣
እንደ መዳብ የቀላ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዛ፣
ያንኑ ሌባ ጣት በሽቦ አስጮኸችው፤
ሩምባ ነው አሉት፣ ሌሊቱን ሙሉ ወገብ አልተቀመጠም።
ደግሞ ብራስልስ፣ አንድ ምድር ቤት ውስጥ፣
ዮሪስ የሚሉት ጸጉረ ረጅም ልጅ
ጆሮ በሚበሳ ጩኸት ሮክ አደረገው፤
ከማን እንደመጣ አልጠየቀም።
ዜማም መታወቂያ አይዝም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የሰፈሬ ልጆች።
አሥር ጣት ይዘው የተፈጠሩ፣
ከካፑያ እግር ሥር ሆነው ሲማሩ
ሦስቱን ወደ መዳፋቸው አጥፈው
በሁለቱ ብቻ መቱ፤
እንዲህ ነው የሚመታው ብለው፣
ቁስሉን እንደ ሕግ ተቀብለው።
ልጆቻቸውም አጠፉ። የልጅ ልጆቻቸውም።
ጉድጓዱ ሦስት ጣት ወሰደ፤
ጉድለቱ ስንት እጅ ወለደ!

ሲሞት የለካሁት እኔ ነኝ።
«ጊታሩን አብረህ ቅበረው» ብሎኝ ነበር፣
«እሺ» ብዬው ነበር።
ይኸው ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል፤
ጭነት ባቡር ባለፈ ቁጥር ሽቦው ለብቻው ያንጎራጉራል።
እኔም ሌባ ነኝ።

ሰሞኑን የልጅ ልጄ ማርዶሼ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈው።
የጭፈራ ቤት ዳንኪራ ነው፣ ማሽን የሚደልቀው፤
ከዚያ ሁሉ ድብደባ መሃል፣
ለሦስት ሰከንድ ያህል፣
ዱብ፣ ዱብ፣
ባቡሩ።

«ማን ነው ይሄ፣ አያቴ?»

ልመልስለት ስል፣ ሳንቃው ላይ መስመር ሊያሰምር የተዘረጋ
እጄን አየሁት፦
እርሳሱን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ቆንጥጬ፣
ሦስቱን አጥፌ፤
እኔ፣ በዕድሜዬ አንዲት ክር ነክቼ የማላውቅ።