ሦስት ጣት ትርፍ

ዚኖቪ ልብስ ሰፊ አይደለም፤ ግን ልክ ይወስዳል፤
የሰው ጀርባ አይቶ ወንበር ይቀርጻል።
ከሞስኮ ወጣ ብሎ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ፣
ጄሶ ይበጠብጣል፤ ደጁን ሲሞላው በረዶ።

አንድ ማክሰኞ ታይሲያ መጣች፤
በነጭ የውስጥ ልብስ ገንዳው ውስጥ ተኛች፤
ጉልበቷን ወደ ደረቷ ሰብስባ፣ ያልተወለደ ልጅ መሰለች።
«እንዳትነቃነቂ» አላት፤ «ጄሶ ወሬኛ ነው፤
የነካውን ሁሉ ሳይናገር አያድርም፤ እኔ ነኝ የምሰማው።»

ጄሶውም ነገረው፦
ግራ ትከሻዋ ከቀኙ ዝቅ እንደሚል፣
አከርካሪዋ ወገቧ ላይ ጥቂት እንደሚያጋድል፣
ከጎድኗ ሥር ጠባሳ እንዳለ፣ የምስር ፍሬ የሚያህል።
አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችው፤
ዙሪያውን በእርሳስ ከብቦ አለፈው።

በቢላ፣ በሞረድ፣ በብርጭቆ ወረቀት
ሲፍቅ ከረመ እስከ እኩለ ሌሊት፤
ከአናቷ በላይ ግን ሦስት ጣት ባዶ ተወ።
ተለማማጁ ኢልዳር አይቶ «ረዘመብህ እኮ!» ብሎ ሳቀ።
«የሚረዝመውስ ሰው ነው» አለው፤ «እዚያ ላይ ሰው ይለጠጣል፤
የሚጫነው ሲጠፋ አጥንት ከአጥንት ይላቀቃል፤
ሲሄድ የበቃው ወንበር ሲመለስ ይጠበዋል።
መሄጃማ ምን ይላል?
እኔ የምሠራው ለመምጫ ነው።»

በባይኮኑር አጥር ጥግ ግመሎች ሲያመሰኩ
ሮኬቱ ተነሣ፤ መስኮቶች በየቤቱ ተንኳኩ።
ሰው ሁሉ እሳቱን አየ፤
ዚኖቪ ግን ቴሌቪዥኑ ፊት፣ ሻዩ በእጁ ቀዝቅዞ፣
ስለ አንዲት ትከሻ ተጨነቀ፣ «ተመችቷት ይሆን?» እያለ።
በሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከጥቁሩ ውስጥ፣ ጣቢያው ብቅ አለ፤
መንኮራኩሯ ተጠጋች፣ በጨለማ የቁልፍ ቀዳዳ እንደሚዳብስ ሰው፣
ቀስ፣
ቀስ፣
ቀጭ።
በሩ ሲከፈት ታይሲያ በደረቷ ዋኝታ ገባች፤
የሚያቅፏት ተገልብጠው መጡ፤ ጣራና ወለሉ ጠፍቷት ሳቀች።
ወንበሯ ብቻውን ቀረ፣ ጨለማው ውስጥ፣ ጠባሳዋን ይዞ።

ያን ምሽት፣ ኢልዳር ሲሄድ፣ ዚኖቪ ጫማውን ፈታ፤
ጥግ የቆመውን የጄሶ ቅጂ አጋድሞ ገባበት በቀስታ።
በወታደርነቱ ዘመን ቁመቱ ከእሷ እኩል ነበር፤
የሕክምና ካርዱ ላይ አሁንም አለ ያ ቁጥር።
እጁን ከራሱ በላይ ሰድዶ ክፍተቱን ለካ፦
አምስት ጣት።
ሁለቱን ምድር ወስዳበታለች ለካ፣
ቀስ ብላ፣ ሳትጠይቀው።

ጥቂት ጋደም አለ፤ ጣራው ላይ በረዶ ሲንሸራተት ሰማ።
ከዚያ ተነሣ፤ የሱሪውን ነጭ አቧራ ደጋግሞ አራገፈ፤
ጄሶ ወሬኛ ነው።