ጎዶሎ ቁጥር

አሥራ አንድ ክረምት ቆምኩ በዚህ መገናኛ፣
ቢጫ ሰደርያ ለብሼ፣ ውርጭን ይዤ ጓደኛ።
በእጄ ክብ ምልክት፣ «ቁም» የሚል በቀይ፤
ማዕድን የጫነ መኪና ሲያጓራ ከሐይቁ መንገድ ላይ
ክንዴን አነሣለሁ፤ እያቃሰተ ይቆማል፤
ጥርሱ የወለቀ ልጅ እየዘለለ ያልፋል።
ሥራዬ ይኸው ነው፤ ሌላ ጥበብ የለው፤
እዚህ ያለውን ልጅ እዚያ ማድረስ ነው።

ኬስትረል ጎዳናችን ሁለት ዳር አለው፣
ግራው ጎዶሎ ቁጥር፣ ቀኙ ሙሉ ነው፤
ይህንን ከፖስተኛው በቀር ማን ቆጥሮ ያውቃል?
የፓጄ ቫንግ ቤት አርባ አንድ፣ የኦዲን አርባ ሁለት ይላል።
ማታ በባትሪ መብራት በመስኮት ሲጠቃቀሱ
ያመሻሉ፤ ጠዋት እኔ ዘንድ እየተሳሳቁ ሊደርሱ።

በየካቲት፣ አንድ ማክሰኞ፣ የስፖርት አዳራሹ ሞላ፤
ሰው በብረት ወንበር ተኮለኮለ፣ የዘገየው ቆመ ከኋላ።
ከረባት ያሰረ ሰውዬ ግድግዳው ላይ ካርታ አበራ፤
ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ብርቱካን፤ ጥቁር መስመር በመንገዳችን ሲመራ።
«ሕፃን በዛ፣ ወንበር አነሰ» አለ፤ ውሸት አልተናገረም።
«ሙሉዎቹ ሐይቅ ዳር ይቀራሉ።» ይህንን ሲል ቀና አላለም።
«ጎዶሎዎቹ ከኮረብታው ማዶ፤ በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ።»
አንዱ «ጎዶሎዎቹ!» ብሎ ሳቀ፤ አጃቢ አጣና አበቃ።

ጣሪያ ሠሪው ሃርላን ስለ ቤቱ ዋጋ ጮኸና
ሚስቱ በእጅጌው ጎትታ አስቀመጠችው እንደገና።
የፓጄ አባት ከሌሊት ፈረቃ ቀርቶ ነበር የመጣ፤
ሦስት መስመር የጻፈባትን ወረቀት ከኪሱ አወጣ።
«ልጄን መኪና ሲጠማዘዝ ያስታውካታል» ብሎ ጀመረ፤
ሁለት ደቂቃው ሞላ፤ ደወል ተደወለ፤ ሦስተኛው መስመር ሳይነበብ ቀረ።
ከዚያ አንዲት ሴት ተነሣች፣ ድምፅዋ ለስላሳ፣
«ለመሆኑ ልጆቻችን የሚቀመጡት ከእነማን ጋር ነው?»
ከእነማን።
ቃሉ ከእጅ እንዳመለጠ ክዳን
ወለሉ ላይ ዞረ፣ ዞረ፣ ተንቀጨቀጨ፤
የሚያነሣው ጠፋ።

እኔም አላነሣሁትም። አውቀዋለሁ።
የዛሬ ሠላሳ ዓመት፣ ልጄ ሚካ ፊደል ሊቆጥር ሲገባ፣
ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ የተጎታች ቤቶቹ መንደር
ከትምህርት ቤታችን ክልል ይውጣ ተብሎ ሲመከር
እጅ አውጡ አሉ፤ አወጣሁ። ይህንኑ ቀኝ እጄን፣
የጭነት መኪና የሚያቆመውን።
ማንንም ጠልቼ አይደለም፤ ልጄን ብዬ ነው፤
ሁሉም የሚለው ይኸንን ነው።
የወጋ ቢረሳ፣ የተወጋ አይረሳ ይላሉ፤
እኔ ወግቼ አልረሳሁም፤ የተወጉት የት አሉ?
ሦስት ልጆች ነበሩ፣ አንድ ካፖርት በተራ የሚለብሱ፤
በአውቶቡስ መስኮት ሲያልፉ፣ እኔን አይተው
ለሰላምታ እጃቸውን አነሡ።

እነሆ መስከረም። የከተማው ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነው፦
«ተሻጋሪ ስለሌለ ምልክቱን ይመልሱ» የሚለው።
ኦዲን በቀኙ ዳር ቦርሳውን እየጎተተ ይሄዳል፤
ሁለቴ ዞሮ አየ፤ ሦስተኛውን ተወው።
ፓጄ በግራው ዳር አውቶቡስ ትጠብቃለች፤
እናቷ ምናልባት ብላ ፌስታል ኪሷ ከታለች።
መሐላቸው ስምንት እርምጃ አስፋልት።
ክንዴ እንደ ልማዱ ተነሣ፤ አንዲት መኪና ቆመች፣
ማንም አልተሻገረም፤ ቆይታ፣ ግራ ገብቷት ሄደች።

«የእርስዎስ ቤት ቁጥሩ ስንት ነው?» አለችኝ ፓጄ።
«ሠላሳ ሰባት።»
ሰባት ጣት አወጣች፤ ጥንድ ጥንድ አድርጋ አጋጠመች፤
አንዷ ጣት ብቻዋን ቀረች።
«እንግዲያ እርስዎም ከእኛ ነዎት» አለች።

አውቶቡሱ በሩን ከፈተ።