ባለ አራት አፍ

ወር በገባ ቁጥር ደብዳቤ ሲመጣ፣
ለማላየው ጣቢያ ገንዘቤ ሲወጣ፣
"በቃኝ" አልኩ በስልክ። ልጅቷ ለመነች፣
ሦስት ወር በነጻ ልትጨምር ታገለች።
"ልጄ" አልኳት፣ "የእኔ ዓይን ዜና ነው የሚሻው፣
ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ። ለምኔ ነው ጣጣው?"

ቆረጡት። ማክሰኞ መስኮቱ ጠቆረ።
ግድግዳው ውስጥ ግን ሽቦው እንደነበረ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ማንም ሳይነካካ፤
ለካ ቤትም ደም ሥር ነበረው ለካ።

ግሪሻ፣ ከላይ ቤት፣ የታሽከንቱ ሰው
(የእሱም የእኔም ዕብራይስጥ በምርኩዝ የሚሄድ ነው)፣
"አዲስ ገመድ" አለኝ፣ "ለአንቴና ምን ያደርጋል?
የኬብሉ ሽቦ ከጣሪያ ያወርዳል።
ከመንገድ የመጣውን አስቀድመህ ፍታ፣
አንድ ሽቦ አያድርም ለሁለት ጌታ።"

ወጣን። በቅርያት ማላኺ የነሐሴ ሬንጅ ቀልጦ
ጫማዬን ይይዛል። ማሞቂያው ተቀምጦ
በተርታ፣ ነጭ ለብሶ፣ ውሃውን ያፈላል።
ከታች ሐብሐብ ሻጩ በማጉያ ይጮኻል።
ግሪሻ በስልኩ ኮምፓስ ከፈተና
"ወደ ምሥራቅ" አለኝ፣ "ትንሽ ዘወር፣ ቀና፤
ማሰራጫው እዚያ፣ ከተራሮቹ ላይ ነው፣
ኢየሩሳሌም አጠገብ።"

ሣቅሁ። ሣቄ አልገባውም።
አባቴ ወገራ ላይ፣ ያለ ኮምፓስ፣ ያለ ስልክ፣
በየማለዳው ወደዚያው ይዞር ነበር፤
ለእሱ ግን ሰሜን ነበረ።
ቦታው ካለበት አልተነቃነቀም፣
እኛ ነን ጎኑን አልፈን በሌላ በኩል የወጣነው።
ብሎኑን አጠበቅሁ።

ሽቦውን ላጥኩት። አንዲት የመዳብ ክር፣
ዙሪያዋን ጥልፍልፍ፣ በመሃል ነጭ አጥር።
"ሁለቱ ከተነካኩ" አለኝ፣ "ሁሉም ያበቃል።"
"እንደ አማትና ምራት" አልኩት፣ "ይህን ማን ያጣል?"

ወርደን የኮሪደሩን ሳጥን ከፈትን።
አውራ ጣት የሚያህል ብረት፤ አንድ መግቢያ፣ አራት መውጫ።
የኩባንያው ሠራተኛ ያኔ በእስክርቢቶ የጻፈበት
ፕላስተር እንዳለ ነው፦
ሳሎን። ኤልያሺቭ። ሽሎሚት። አዲና።
የመንገዱን ፈታሁ፣ የጣሪያውን አሰርኩ።
ዜና አንባቢዋ መጣች፤ ፊቷ እንደ ዳማ ገበታ
ካሬ ካሬ ሆኖ፣ ከንፈሯ ግንባሯ ላይ።

"ለአራት ከፍለኸው ለአንዱም አልበቃ" አለ ግሪሻ።
"ማነው እነዚህ ክፍሎች ውስጥ ያለው?"
ኤልያሺቭ ሃይፋ ነው፣ ወደብ ላይ ክሬን ይነዳል።
ሽሎሚት አሽቀሎን አግብታለች፣ መንታ አላት።
ነቀልኳቸው።
ግሪሻ ከኪሱ ሁለት ትንንሽ ቆብ አውጥቶ አፋቸውን ዘጋ፦
"ክፍት የተተወ አፍ የላክህለትን መልሶ ይልክብሃል፣
ምስሉን ያውከዋል።"
የሴትዮዋ ከንፈር ወደ ቦታው ወረደ።

ሦስተኛው ላይ መፍቻውን ሳነሳ
እናኑ ከወጥ ቤት፣ እጇን በቀሚሷ እያበሰች፣
"የአዲናን ተወው" አለች።
"ክፍሉ ባዶ ነው።"
"አውቃለሁ።"
"ሁለት ዓመት አልደወለችም።"
"አውቃለሁ አልኩህ። አትንካው።"
ግሪሻ ሦስተኛውን ቆብ ወደ ኪሱ መለሰ።

አሁን ማታ ማታ ዜናው ይታየናል፤
ጥርት ይልና ደግሞ ይንቀጠቀጣል፤
የአሽዶዱ አውቶቡስ ከደጅ ሲያልፍ ይብሳል።
የላክነው ሞገድ ከዚያ ክፍል ደርሶ፣ ሰው አጥቶ ይመለሳል።
"ምነው ይሄ ነገር?" ይላል እንግዳ ሲመጣ።
"ነፋስ ነው" እንለዋለን፣
እኔም እሷም ባንድ አፍ።