ዓምድ የሌለው ወጪ

ገንዘብ ያዥ ነኝ እኔ፣ ዐሥራ ሰባት ዓመት፣
መዝገቤ የሚያውቀው አንድ ጉዳይ ነው፤ ሞት።
ድንኳን፣ ከፈን፣ ዶማ፣ ለቆፋሪ ዳቦ፣
ቁጥሩ በየዓምዱ ያድራል ተሰብስቦ።

ሐምሌ ነበር፤ ዝናብ። ኑረዲን መጣና፣
«የዘቢባ ምጧ ከትናንት ጀምሮ ጠና፣
ለባጃጅ አራት መቶ» አለኝ በትሕትና።
«ደንቡ አይፈቅድም» አልኩት፤ ደንቡ ልክ ነውና።

ዕድሩ ያለው ቃሬዛ ነው። በእሱ ተሸከሟት
እስከ ሸኪ ድረስ፣ ዳገትና ቁልቁለት።
በዚያው ተመለሰች፤
ስትሄድ ፊቷ ተገልጦ፣ ስትመጣ ተሸፍኖ፣
ልጇም ከጎኗ፣ እንደ ጥቅል ጨርቅ ሆኖ።

ለቀብሯ ሦስት ሺህ ሰጠሁ በዚያው ቀን፤
ማንም አልጠየቀኝ። ወጣ ተፈራርመን።

በወሩ ስብሰባ አዴ መኪያ ተነሣች፣
ከሴቶቹ መደዳ፣ ዕድል ሳይሰጣት ጠየቀች፦
«ለአፈሩ ከሆነ ካዝናው የሚከፈት፣
ለማህፀኑስ ምነው ቁልፉ የጠፋበት?»

መልስ የሰጠ የለም። አንዱ ሳለ፣ ሳለ።
አባ ጊሳ ብቻ «ፈረሱላ ቡና ከእኔ» አለ።
መምህር ዳልኬ አምስት ቆርቆሮ አስመዘገበ፤
ኑረዲን ከሁሉም ኋላ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ፣
አራት መቶ ብር አኖረልኝ፣ አጣጥፎ።
አልቆጠርኩትም።

ጤና ጣቢያው ጥግ ላይ ሁለት ክፍል ቆመ፤
ከዴዶ ገደል ማዶ፣ መንገድ ከጨለመ፣
ቀኗ የደረሰች እዚያ ትከርማለች።
ትናንት አንዷ፣ ሰሚራ፣ በሰላም ወለደች።

ሳሙና፣ አጥሚት፣ ፋኖስ፤ መዝገቤን ገለጥኩት።
«የሟች ስም» ይላል ዓምዱ። «ሟች»ን ሰረዝኩት።
ልጅቷ ስም የላትም ገና፤
ባዶውን ተውኩት።