ተጠባባቂ

ጠባሴ፣ ከጎሚስታው በላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣
አምስቱ ሲሄዱ እኔ ቀረሁ፣ ከስድስተኛው ወንበር።
ፓስፖርቴ አልደረሰም። «ተጠባባቂ ነህ» አሉኝ፣
«ሁለት ሳምንት ብቻ ነው» ብለው ሻንጣቸውን አሸከሙኝ።

በሽኝቱ ባነር ነበር፣ አበባም ነበር፣
አቶ ገዝሙ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ደረቱን ይዞ ሲናገር፦
«ቤቱ ተከራይቷል፤ ቀለቡም፣ አሠልጣኙም አለ፤
እናንተ ብቻ ተጫወቱ፤ ሌላው በኔ» አለ።

ፋብሪካው ደግሞ ድጋፍ ነው ብሎ
አምስት ብርድ ልብስ ሰጠ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ።
ብርድ ልብስ!
ኩዋላ ላምፑር፣ ሌሊቱ እንኳ በላብ ለሚያጠምቅ አገር።
ሳቅን። ወንድይፍራው ብቻ ጥቅሉን በሲባጎ ሲያስር
«የተሰጠ አይናቅም» አለ፤ የመንዝ ሰው ነገር።

በመጀመሪያው ወር ፎቶ ነበር፦
ፎቅ፣ መዋኛ፣ እሱባለው በነጭ ካልሲ።
ከዚያ ፎቶው ቀረ። ድምፅ ብቻ ሆነ፣ በሌሊት፣ ዝግ ያለ፦
«አሠልጣኙ ሦስት ቀን መጥቶ አልተከፈለኝም ብሎ ቀረ።
ኢንተርኔቱ ተቆርጧል፤ የገበያ አዳራሹ በር ላይ ነው የምንለማመደው፣
ዘበኛው እስኪያባርረን።
አልጋ የሚባል የለም። ብርድ ልብሱን አንጥፈን እንተኛለን፤
ሁለቱን መስኮት ላይ ቸንክረናል፣ ፀሐይዋ ስክሪኑን እንዳትበላብን።»

ለአቶ ገዝሙ ደወልኩ። «ነገ።»
ነገ ደወልኩ። «ባንኩ ዶላር የለውም።»
በሦስተኛው ስብሰባ ላይ ነበር፤
በአራተኛው ያቺ የስልኳ ሴትዮ መለሰችልኝ፣
ደንበኛውን ለጊዜው ማግኘት እንደማልችል ነግራኝ፣
በእንግሊዝኛም ደገመችልኝ።

ቅዳሜ ገበያ የምናሴ እናት ክንዴን ትይዛለች፣
«ይበላል?» ትላለች።
«ይበላል።»
«ፊቱ ምነው?»
«ካሜራው ነው የሚያከሳው።»
የሽንኩርት ዘር ትመርጣለች። አታምነኝም። ሌላ የሚጠየቅ የላትም።

እኛ ዘንድ ርቀት በኪሎ ሜትር አይለካም፣
በፒንግ ነው።
ሠላሳ ማለት ጎረቤት፤
ሦስት መቶ ማለት ግን፣ ያየኸው ጠላት
ከቆመበት ከሄደ ቆይቷል፣ የምትተኩሰው ቅሪቱን ነው፤
የገደለህን ጥይትም የምትሰማው ከሞትክ ወዲያ ነው።
የገዝሙ «ነገ»ም እንደዚያው፦
ከጆሯችን ሲገባ፣ ቀድሞ ያለፈ ነው።

የማጣሪያው ቀን፣ በኅዳር ውርጭ፣ እሱባለው ደወለ።
«ምናሴ ወድቋል። ትኩሳት ነው። ግባ።»
«ከዚህ? ሦስት መቶ አሥር እኮ ነው!»
«ባዶ ወንበር ከሚቆጥሩብን» አለ።

ገባሁ። ጋቢዬን ደርቤ፣ ጣቴን በትንፋሼ እያሞቅሁ፣
ጠላት ካለበት ሳይሆን ከሚደርስበት አነጣጥሬ ጠበቅሁ።
ከታች ጎሚስታው ጎማ ይነፋል፣
ከኋላዬ ሕፃናቱ አሥር አሥር ብራቸውን ጨብጠው ተሰልፈዋል።
አንድ ጣልኩ። ጮኹ።
ሁለተኛውን ስጠብቅ
መብራት ሄደ።

ማታ የእሱባለው ድምፅ ስልኬ ላይ ደረሰ።
ስለ ሽንፈቱ አላወራም።
«ዘገየህ» አለኝ፣ «ግን ከተባሉት ሁሉ የደረስከው አንተ ነህ።»
ከጀርባው አንድ ሰው ያቃስታል፣ አንድ ሰው ሚስማር ይነቅላል።
«ምናሴን ብርድ ብርድ አለው፤ ከመስኮቱ አውርደን
ሦስቱን ደረብንለት፣
ያንን የሳቅንበትን።»

ቅዳሜ እናቱን ሳትጠይቀኝ ቀደምኳት፣
«ብርድ ልብስ ለብሷል» አልኳት።
እጇ ከዘሩ ላይ ቆመ።
«እዚያም ይበርዳል?»
«አንዳንዴ።»