ሁለቴ የተነሣች እጅ

ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ውርጩ ሣሩን አልለቀቀም፤
የቀበሌው አዳራሽ ቆርቆሮው ገና አልሞቀም።
እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ ጣቴ በብርድ ደንዝዞ፣
እስክሪብቶዬን በትንፋሼ አሞቃለሁ፣ ቀለሙ ረግቶ ፈዝዞ።

አጀንዳው አንድ ነበር፦ ያ የበሬሳ ዳር መሬት፣
ፌስታል የሚከርምበት፣ ውሻ ሲሞት የሚጣልበት፣
መናፈሻ ይሁን ወይ? ዛፍ ይተከል? ወንበር ይቁም?
ገንዘቡስ ከየት ይምጣ? ማዘጋጃ ቤቱ «የለኝም»።

«ቦንድ» አለ ሰብሳቢው፤ «መዋጮ አይደለም፣ አትስጉ፤
ብድር ነው፤ በአስር ዓመቱ ከነወለዱ ይመለሳል ይላል ሕጉ።»
ከኋላ አንዱ ሳቀ፦ «አስር ዓመት ማን ሊከርም?»
«ዛፉ» አለው ሌላው ቀርቦ፤ ከዚያ ወዲያ ሳቅ አልነበረም።

ማንያህልሻል ተነሣች፣ የድንች ከረጢቷን አቅፋ፤
«ጀሪካኔ ቦኖው ጋ ናት፣ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፋ።
ሦስት ሳምንት ጠብ ላላለ ቧንቧ ማን እጁን አወጣ?
ወንዝ ዳር ተቀምጬ ልየው? ውሃ እኔ ቤት ሳይመጣ?»

ግማሹ አጨበጨበ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣
መዳፌ ከመዳፌ ሊጋጭ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

አቶ ይፍሩ ቀጠሉ፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ጡረተኛ፣
በማሽን ጩኸት ብዛት አንድ ጆሯቸው የተኛ፤
«ሠላሳ ሁለት ዓመት ቆሜ ነው ሱፍ ያዳወርኩት፤
ስወጣ፣ ለዚህ ወገቤ፣ ድንጋይ ነው ደጅ ያገኘሁት።
ሻይ የማይገዛ ሽማግሌ የት ሄዶ ነው የሚያርፈው?
ባንክ ደረጃ ላይ ቢቀመጥ ዘበኛ ነው የሚያባርረው።»

«የሚደግፍ!» አለ ሰብሳቢው። እጅ በቀለ እንደ ገብስ፤
ውርጭ የሰነጠቀው መዳፍ፣ ጓንት፣ የጋቢ ጥለት፣ የካፖርት ቅልብስ።
ዘጠና አንድ ቆጠርኩ። «የሚቃወም!» ደግሞ ቆጠርኩ፤
ዘጠና አንድ። ላቤ መጣ፤ በዚያ ብርድ ላይ ደነገጥኩ።
ደግሜ ባይ፣ በሦስተኛው አግዳሚ ጫፍ፣
ቅድምም አሁንም የቆመች፣ ያችው የይፍሩ መዳፍ።

«አባባ፣ አንዱን ነው» አልኩ። «አንዱን መርጬ የት አባቴ?
‹እሺ› ያለው ወገቤ ነው፤ ‹እምቢ› ያሰኘችኝ ጎረቤቴ፤
እሷ ጀሪካን ተሸክማ ስታልፍ፣ እኔ ወንዝ ዳር ልዝናና?
እንደዚያ ብለህ ጻፈው።» ጨነቀኝ፤ ቅጹ ሦስተኛ ዓምድ የለውምና።

ጻፍኩት ከኅዳጉ ጥግ፣ ከመስመሩ ጋር እንዳይጋባ፦
«አንድ እጅ፣ ሁለቴ ተነሣች።» የእኔ እጅ ከኪሴ ገባ፤
ቆጣሪ ድምፅ የለውማ።

ስብሰባው ለመጋቢት ተቀጥሮ፣ ሰው ሲበተን በየበሩ፣
ከረጢቱን በአንድ ጫፍ ማንያህልሻል፣ በአንድ ጫፍ አቶ ይፍሩ፣
በጠባሴ በኩል ሄዱ፣ ስለ ድንች ዋጋ እያወሩ።

እኔ ወደ በሬሳ ወረድኩ፣ ወንበር ይቆማል የተባለበት ቦታ።
አንድ ለጥ ያለ ድንጋይ አለ።
ቁጭ አልኩበት።
ሞቆ ነበር፤
ከፀሐይ ይሁን ከሰው
አላወቅኩም።