የገቢ ጣራ

ኬንት፥ ከመጋዘኖቹ ጀርባ፥ የዕቃ ባቡር ከሚያልፍበት፥
ባለ አራት ፎቅ ቆመ፤ መቶ ሃያ ቤት።
እኔ የፋይል ሰው ነኝ፤ ወረቀት መርማሪ፥
የሰው ደመወዝ ደማሪ፥ ልጅ ቆጣሪ።

በምን ተሠራ? ብትሉ፥ እንዲህ ነው ነገሩ፤
አንድ ትልቅ ባንክ ቀረለት ግብሩ።
በሕግ ነው፤ በፊርማ፤ ማንም አልታሰረ፤
ለቤቱ ባዋጣው ልክ ዐሥር ዓመት ተማረ።
በአማርኛችን ግን ግብር መንታ ነው፤
አንዱን ለመንግሥት ያስገባል፥ አንዱን ያበላል ሰው።
ባንኩ ያላስገባው ግብር ሲጣል አዳራሽ ላይ፥
እኔ በሩ ላይ ቆምኩ፤ እልፍኝ አስከልካይ።

ሕጉ አጭር ነው፤
ጣራ የሚሻ ሁሉ ከጣራ በታች ይሁን።
የገቢ ጣራ ይሉታል። ገቢው ደመወዙ ነው፤
ገቢው ደግሞ ያ ሰው፥ ሻንጣውን ይዞ ደጅ የቆመው።
ለአንዲት እናትና ለሁለት ልጅ ይህን ያህል ሺ፤
አንድ ዶላር ካለፈ፥ ባለጠጋ ነሽ፥ ተመለሺ።

መሠረቱ ሳይጣል፥ በከተማው ስብሰባ፥
አንድ ጎረቤት ተነሥቶ «እነማን ናቸው የሚመጡት?» ብሎ ነበር።
አሁን አውቃቸዋለሁ፤ በደመወዛቸው።
የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳ፥
ሌሊት የቢሮህን ምንጣፍ የምታጸዳ፥
የእናትህን ትራስ የምታቃና።

አምሳለ መጋቢት ላይ መጣች።
ዝርዝሩ ላይ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ቆይታለች።
የሚንጠባጠብ ጃንጥላዋን ከበሩ ኋላ አቆመች፤
የፍቺ ወረቀቷን፥ የልጆቿን ክትባት፥ የደመወዝ ቅጠሎቿን
በላስቲክ ጠቅልላ እንደ አራስ ታቅፋለች።

ሥራዋ አረጋውያን ማሳደር ነው።
በየካቲቱ በረዶ መንገድ ተዘጋ፤ ተተኪዋ ቀረች።
ሚስተር ሃስኬት የሚባሉ ሽማግሌ፥ ደረታቸው እያጓራ፥
እጇን አልለቅ አሉ፤
ሦስት ሌሊት ወንበር ላይ አደረች።
ሽማግሌው ተረፉ። የትርፍ ሰዓቱ ተከፈለ።

እኔ ደመርኩት።
ማሽኑን ዘግቼ በእጄ ደመርኩት።
ሕጉ ሦስቱን ሌሊት በዓመት አባዝቶታል፤
በወረቀቴ ላይ እስከ ታኅሣሥ በረዶ ይጥላል።
በመቶ ስልሳ ሰባት ዶላር አለፈች።

«ብመልሰውስ?» አለችኝ።
«ለማን?»
«ለሰጡኝ።»
ዝም አልኩ። ያልነገርኳት አለ፤
አምና ገብታ ቢሆን ኖሮ ይኸው ገንዘብ አያስወጣትም ነበር፤
ውስጥ ላለ ሰው ጣራው ከፍ ይላል፤ የሚዘቀዝቀው ደጅ ላለው ነው።
እኔም ከጣራው በላይ ነኝ፤ በትንሽ።
የመቶ ሃያ ቤት ቁልፍ መሳቢያዬ ውስጥ አስሬ፥
ማታ ማታ ታኮማ እገባለሁ፥ በባቡር ተሳፍሬ።

ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ቁጥር ለኦሌና ደረሰ፤
ቀለሙ ገና ይሸታል። ልጇ ከመስኮት መስኮት ሮጠ፤
እኔም ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ማታ ቢሮውን ስዘጋ ያ ጃንጥላ ከበሩ ኋላ።
ሰማያዊ፥ አንድ አጥንቱ የተሰበረ።
ደወልኩላት።
ከበስተጀርባዋ ሰው ያስላል።
«ይቀመጥልኝ» አለች፤
«ሰዓት ሲቀንሱብኝ መጥቼ እወስደዋለሁ።»